ጥቁር መኪና፦ ላቫጆ ወይስ የቤት ባልዲ?

ነጭ መኪና ጭረቱን ይሸሽጋል፤ ጥቁር መኪና ያጋልጣል። ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚታየው ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ስለተፋቀ ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ነው፤ በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል።

ላቫጆ ፈጣን ነው። የግፊት ውኃውም ጭቃውን ሳይነካካ ስለሚያወርድ ከቤት የውኃ ጎማ ይሻላል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ አሁን የሚኒባስ ቸርኬ የፈተገው ስፖንጅ ወደ እርስዎ ኮፈን ይመጣል። በውስጡ የቀረው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ማድረቂያው ጨርቅ ደግሞ የስንቱን መኪና አቧራ እንደተሸከመ እግዜር ይወቀው።

ቤት ውስጥ ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ አንዱ ለመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። መጀመሪያ አቧራውን በውኃ ማውረድ፣ ከዚያ ከጣሪያ ወደ ታች ማጠብ፤ ለቸርኬ ሌላ ጨርቅ። ኦሞ ቀለሙን ለመጠበቅ የተቀባውን ሰም ያነሣል፤ ይቅርብዎ። ሲያደርቁ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ፎጣ አንጥፈው ቀስ ብለው ይሳቡት እንጂ አይሹት። አሮጌ ካናቴራ አይሆንም። ሥራው በጥላ ሥር ይሁን፤ ውኃው ፀሐይ ላይ ከደረቀ ነጭ የማዕድን ነጠብጣብ ይተዋል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ያፈጣል።

እኔ የቤቱን እመርጣለሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ላቫጆ ሄጄ የግፊት ውኃውን ብቻ አስረጭና በራሴ ፎጣ አደርቃለሁ። አጣቢዎቹ ይስቁብኛል።