ለዘጠኝ ወራት የተጠቀምኩበት የኬሚካላዊ ቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ

በአዲስ አበባ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከተመረቅሁ ብዙ ዓመት ስላለፈኝ፣ የዘነጋሁትን ቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም የሙቀትና የጉልበት ለውጥ ጥናት፣ ባለፈው ሐምሌ ከመጀመሪያው ለመማር ወሰንኩ። በዚያው ሰሞን የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነችው የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይህን ትምህርት ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?» ብላ ስለጠየቀችኝ ምርጫው የሁለታችንም ሆነ። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ሁለት መጻሕፍት ገዛሁ፤ አንደኛው ፊዚካል ኬሚስትሪን በሙሉ የሚሸፍን፣ ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ያለው አዲስ እትም ሲሆን፣ ሁለተኛው ቴርሞዳይናሚክስን ብቻ የሚያስተምር፣ ሁለት መቶ ገጽ የማይሞላ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ የቆየ መጽሐፍ ነው። ሻጮች ዘንድ የሚገኘው እትም በየጊዜው ስለሚለያይ ርዕሳቸውን አልጠቅስም፤ መጽሐፍ በእጁ ይዞ ለሚያገላብጥ ሰው የሚበጀው ምን መፈለግ እንዳለበት ማወቁ ነው።

ትልቁ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ማርኮኝ ነበር። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ምዕራፍ ወደ ኳንተም ሜካኒክስና ወደ ሌሎች ርእሰ ጉዳዮች ስለሚጠቁም ጀማሪውን ከመንገዱ ያስወጣዋል፤ ክብደቱም፣ እንደ እኔ ንባቡን የሚያከናውነው ወደ መሃል ከተማ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ለሆነ ሰው አይመችም። እስከ መጋቢት በየቀኑ ከእጄ ያልተለየው ቀጭኑ ነው።

ቀጭኑን የወደድኩበት ዋናው ምክንያት የሠራቸው ምሳሌዎች ናቸው። እያንዳንዱ ምሳሌ ሥርዓቱ (የሚጠናው ነገር) ምን እንደሆነና አካባቢው (ከእሱ ውጭ ያለው ሁሉ) ከየት እንደሚጀምር ሳይናገር ወደ ስሌት አይገባም። የፈሳሽና የእንፋሎት ሚዛንን የሚያብራራውን ምዕራፍ እንደጨረስኩ፣ የተማርኩትን ቀመር በቤቴ ልፈትነው ፈለግሁ። ሠፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ የአየሩን ግፊት 0.77 አትሞስፌር አድርጌ ወሰድኩ፤ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ በሞል 40.7 ኪሎ ጁል እንደሚያስፈልግ ይዤ ሳሰላ የመፍያ ነጥቡ 93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆነ። በድስት ውስጥ የፈላው ውሃም በቴርሞሜትር ያንኑ አሳየኝ። ሽምብራና ባቄላ በእኛ ዘንድ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገዩ ለተማሪዎቼ በቁጥር ማስረዳት የቻልኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ጉድለቱ የታወቀኝ ግን ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋምም የሚለውን የቴርሞዳይናሚክስ የመጀመሪያ ሕግ ሲጽፍ፣ የውስጣዊ ጉልበት ለውጥ ማለት ወደ ሥርዓቱ ከገባው ሙቀት ላይ ሥርዓቱ የሠራው ሥራ ሲቀነስ ነው ይላል። ትልቁ መጽሐፍና የልጅቷ መምህር ደግሞ በሥርዓቱ ላይ የተሠራውን ሥራ ይደምራሉ። 500 ጁል ሙቀት ተቀብሎ 200 ጁል ሥራ የሠራ ጋዝ በሁለቱም አጻጻፍ 300 ጁል ያተርፋል፤ ነገር ግን ሁለቱን የቀላቀለ ሰው 700 ያገኛል፤ ልጅቷም ያገኘችው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛት በፊት መምህሩ የሚከተለውን አጻጻፍ ጠይቆ ማወቅ ግድ ነው።

በኋላ ያሉት ሠንጠረዦችም አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅተውብኛል። ቀጭኑ መጽሐፍ የናይትሮጅንን ኢንትሮፒ (ጉልበት ምን ያህል እንደተበተነ የሚለካውን መጠን) በካሎሪ 45.77 ብሎ ይሰጣል፤ በ4.184 ሲባዛ 191.5 ጁል በኬልቪን በሞል ይሆናል። ትልቁ ግን 191.6 ይላል። የማባዛት ስህተት ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁት ምክንያት፣ የዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት በ1982 እ.ኤ.አ. የሠንጠረዦቹ ቁጥሮች የሚሰጡበት መደበኛ ግፊት ከ1 አትሞስፌር በጥቂቱ ዝቅ ወደሚለው 1 ባር እንዲለወጥ ማሳሰቡ ነው። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ቢሆንም፣ ከሁለት መጻሕፍት ቁጥር ወስዶ በአንድ ስሌት ውስጥ የሚያቀላቅል ተማሪ የማይገባው መልስ ላይ ይደርሳል። ካሎሪን ብቻ የሚጠቀም መጽሐፍ፣ ማብራሪያው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው በፎቶ ኮፒው ምክንያት ነው። የጊብስ ነፃ ጉልበት ለውጥ አሉታዊ ሲሆን ሂደቱ በራሱ ሊካሄድ እንደሚችል፣ አዎንታዊ ሲሆን ግን እንደማይችል ይነግረናል፤ ከዚህ ጉልበት ምልክት በላይ የምትቀመጠው፣ መደበኛ ሁኔታን (ለጋዝ የ1 ባር ግፊትን) የምታመለክተው ትንሽ ክብ በብዙ ገጾች ላይ ደብዝዛ ጠፍታለች። ይህች ክብ የጌጥ ነገር አይደለችም። በ25 ዲግሪ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መደበኛው የነፃ ጉልበት ለውጥ በሞል ወደ 8.6 ኪሎ ጁል በአዎንታዊ አቅጣጫ ነው፤ ክቧ የጠፋችበት አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ፈጽሞ አይደርቅም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ልብሱ የሚደርቀው በአየሩ ውስጥ ያለው የእንፋሎት ግፊት ከ1 ባር ቀርቶ ከ3.2 ኪሎ ፓስካል እንኳ ስለሚያንስ፣ በዚያ ሁኔታ ያለው እውነተኛው ለውጥ አሉታዊ በመሆኑ ነው። እኔ ራሴ ይህን ለይቼ እስክረዳ ሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ምዕራፍ ላይ ቆሜያለሁ።

የአንድ ተለዋዋጭ ካልኩለስ ለሚያውቅና ብቻውን ለሚያጠና ሰው አሁንም የማቀርብለት ቀጭኑን ነው፤ መልመጃዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ በትዕግሥት ይወስዳሉ፤ የግማሾቹ መልስም መጨረሻው ላይ አለ። ትልቁን ለሠንጠረዦቹና ለመመሳከሪያ አስቀምጬዋለሁ። ከተቻለ ግን ፎቶ ኮፒ ሳይሆን የታተመ ቅጂ ይገዛ፤ ፎቶ ኮፒው ብቻ ከተገኘም ሒሳብ ከመክፈል በፊት የነፃ ጉልበት ምዕራፍ ተገልጦ ክቦቹ መኖራቸው ይታይ። ልጅቷና እኔ ከታተመ ቅጂ ጋር እያመሳከርን የጠፉትን ክቦች በእርሳስ እየጻፍን ነው፤ እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ደርሰናል።