ታግ የማይናገረው፦ አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን ከጎንደር ሲታይ

ጎንደር ላይ መብራት ሲኖር ኔትወርክ፣ ኔትወርክ ሲኖር መብራት የሚጠፋበት ቀን ጥቂት ስላልሆነ፣ አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲገጥመኝ አስቀድሜ የማየው መስመሩ ሲቋረጥ በእጄ የሚቀረውን ነገር ነው። አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን የተባለው የፋን ፊክሽን ማከማቻ ይህን ፈተና በሚገባ አልፏል። ማስታወቂያ የለውም፤ ገጹ ከሞላ ጎደል ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ በደካማ መስመርም ይከፈታል፤ የወደዱትን ድርሰት በኢፐብ ወይም በፒዲኤፍ አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል። ለማንበብ ክፍያ አይጠይቅም፤ አብዛኛውን ሥራ ለማንበብ ምዝገባም አያስፈልግም። ለመጻፍ ግን አካውንት ግድ ነው፤ አካውንቱም የሚገኘው በግብዣ ስለሆነ ኢሜይል አስመዝግቦ ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ይህን ያጻፈኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም በሩ ለሁሉም በተከፈተበት ቤት ሁሉም እኩል ይስተናገዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው።

ፋን ፊክሽን ማለት አንባቢው ወይም ተመልካቹ የወደደውን ታሪክ ገጸ ባሕርያት ተውሶ የራሱን ታሪክ የሚጽፍበት ድርሰት ነው። ነገሩ ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም፤ የመይሳው ካሳን ታሪክ እያንዳንዱ ተራኪ የራሱን ጨምሮበት ሲያወራ ፈቃድ የጠየቀ የለም። ማከማቻውን የሚያስተዳድረው ኦርጋናይዜሽን ፎር ትራንስፎርማቲቭ ወርክስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2007 ተቋቋመ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ብዙ የፋን ፊክሽን ጸሐፊዎች ይጠቀሙበት የነበረው ላይቭጆርናል የተባለው ድረ ገጽ በመቶዎች የሚቆጠሩ አካውንቶችን በድንገት ማገዱ፣ ጸሐፊዎቹ በሰው ቤት ከመጠለል የራሳቸውን ቤት መሥራት እንዳለባቸው ይበልጥ አሳመናቸው። ማከማቻው በኖቬምበር 2009 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2019 ደግሞ በሳይንስ ልብ ወለድና በፋንታሲ ዘርፍ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘ። ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ይካሄዳል፤ ወጪው በመዋጮ ይሸፈናል። ከዚህ አመጣጡ የተነሣ መመሪያው ድርሰትን ከመሰረዝ ይልቅ ማኖርን ይመርጣል።

በእኔ ዓይን የአገልግሎቱ ትልቁ ሀብት ታግ፣ ማለትም ይዘቱን ለማመልከት በድርሰቱ ላይ የሚለጠፍ መለያ ቃል ነው። ደራሲው ሥራውን ሲያስገባ ገጸ ባሕርያቱን፣ ግንኙነታቸውንና የታሪኩን ይዘት በታግ ይገልጻል፤ ከባድ ጥቃት፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት ወይም አስገድዶ መድፈር ካለበት ደግሞ ከተዘጋጁት ማስጠንቀቂያዎች ይመርጣል፤ አለዚያም ማስጠንቀቅ እንደማይፈልግ በግልጽ ያሳውቃል። አንዱን ነገር በአሥር ዓይነት አጻጻፍ የጻፉትን ሁሉ ከአንድ ዋና ታግ ጋር የሚያያይዙ በጎ ፈቃደኞችም አሉ። በዚህ የተነሣ የማይፈልጉትን አስቀርቶ የሚፈልጉትን ማግኘት በወንፊት እንደ መንፋት ነው።

ወንፊቱ የማይዘው ግን አለ። ታግ የሚለጥፈው ደራሲው ራሱ በመሆኑ፣ ታጉ ሊናገር የሚችለው ደራሲው ያወቀውን ብቻ ነው። ሞት የጻፈ ሰው ሞት መጻፉን ያውቃል፤ ጥቁሩን ገጸ ባሕርይ የነጩ አጽናኝና ተላላኪ አድርጎ ያስቀረ ሰው ግን ይህን ማድረጉን ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም፤ ስለዚህም የሚለጥፈው ታግ የለውም።

ይህን ለመረዳት ከጎንደር ርቄ መሄድ አላስፈለገኝም። በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ወለቃ ትገኛለች፤ ሴቶች በመዳፍ የሚያዙ የሸክላ ምስሎችን መንገድ ዳር ደርድረው የሚሸጡባት፣ አብዛኞቹ እስከ 1991 ድረስ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባት መንደር ናት። ልጅ ሳለሁ አያቴ በምትነግረኝ ተረት ሁሉ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ነበረች፤ አንጥረኛውም ሌሊት ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣ ነበር። አያቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። «ይህ ተረት ሸክላ ሠሪን ይሰድባል» የሚል ታግ ለጥፊበት ብትባል ግን የቱ ላይ እንደምትለጥፈው ግራ በገባት ነበር፤ ለእርሷ ተረት እንጂ ስድብ አልነበረምና። የሚያስገርመው፣ ካሳ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብሎ መሰደቡን ባነሣች ቁጥር በቁጭት የምትንገበገበውም ይህችው አያቴ ነበረች።

በማከማቻው ላይ የሚነሣው ክርክርም ከዚህ አይርቅም። በ2020፣ በአሜሪካ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ፣ ድርጅቱ ዘረኝነትን ለመቋቋም እርምጃ እንደሚወስድ በመግለጫ ቃል ገባ። በሜይ 2023 ቃሉ በበቂ አልተፈጸመም ያሉ ተጠቃሚዎች ከስማቸው ጎን የሚታየውን ምስልና የሥራዎቻቸውን ርእስ እየለወጡ ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ስለ ትንኮሳ የወጣው ደንብ እንዲሻሻልና የብዝኃነት አማካሪ እንዲቀጠር ጠየቁ። ከወዲያ በኩል ያሉት ደግሞ ዛሬ በዚህ ምክንያት መሰረዝ የጀመረ ነገ ሌላ ምክንያት አያጣም ብለው ይሰጋሉ፤ የ2007ቱን ያየ ሰው እንዲህ ቢሰጋ አልፈርድበትም። እኔ ግን ድርሰትን መሰረዝና ሰውን በአስተያየት መስጫው ላይ ከማሳደድ ማስቆም ተለያይተው መታየት አለባቸው ባይ ነኝ። በሁለተኛው ረገድ አገልግሎቱ ተሻሽሏል። ዛሬ ደራሲ አስተያየቶችን ከመታየታቸው በፊት መመርመር፣ ተሳዳቢን ማገድና ከዓይኑ ማራቅ ይችላል። ሸክሙ ግን አሁንም በተሰዳቢው ጫንቃ ላይ ነው፤ ለማገድ አስቀድሞ ስድቡን ማንበብ አለበትና። ዘረኝነትን የሚመለከት አዲስ ማስጠንቀቂያ ይጨመር የሚለው ሐሳብም በጎ ቢሆን፣ ከላይ ባነሣሁት ምክንያት ብዙ የሚፈይድ አይመስለኝም። ከዚያ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው ቡክማርክ፣ ማለትም አንባቢ ተመልሶ ሊያገኘው የሚፈልገውን ሥራ የሚመዘግብበት መንገድ ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ ታግና ማስታወሻ የሚጽፈው አንባቢው ስለሆነ፣ ደራሲው ያላየውን ሌላው አይቶ ሊናገር ይችላል።

ስለ ቋንቋው ብዙ የምለው የለም። አማርኛ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ በፊደላችን ተጽፎ ይገኛል፤ ገጹ ራሱ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ዋና ታጎቹም እንዲሁ። እንግሊዝኛ የማይችል የጎንደር አንባቢ በሩ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ለማንበብ ሳላመነታ እመክራለሁ። ለመጻፍም እመክራለሁ፤ ከዚህ ቀደም ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የቴሌግራም ቻናል ድርሰቴን ስሜን ፍቆ አውጥቶት ስለነበር፣ ስም ከሥራው ጋር የሚቆይበት፣ ሲፈልጉም ሥራውን ትቶ ስምን ብቻ ማንሣት የሚቻልበት ቦታ ዋጋው ይገባኛል። በቅርቡ ስለ እቴጌ መነን የጻፍሁትን አጭር ታሪክ አዘጋጅቼ፣ ታጎቹን አንድ በአንድ ሞልቼ፣ ከማስገባቴ በፊት በወለቃ ላደገች የሥራ ባልደረባዬ አሳየኋት። ዝም ብላ አነበበችና እንስራ ይዛ የምትመጣው ሸክላ ሠሪ ያለችበት ገጽ ላይ ስትደርስ አንድ ቦታ በጣቷ አሳየችኝ፦ «ሴትዮዋ ሕፃኑን ትክ ብላ አየችው፤ እናቲቱም ነጠላዋን ጣል አደረገችበት።» ሦስት ጊዜ አርሜ ሳነበው አንድም ቀን አልጎረበጠኝም ነበር።