የናሳ ኤክሶፕላኔት አርካይቭ በኦዲተር ዓይን

በሙያዬ ኦዲተር ነኝ፤ ሰንጠረዥ ሲቀርብልኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ደረሰኙ ነው። ካልቴክ በተባለው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚተዳደረው የናሳ ኤክሶፕላኔት አርካይቭ በዚህ በኩል አላሳፈረኝም። ከፀሐይ ሌላ ኮከቦችን የሚዞሩ ፕላኔቶች መዝገብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ቁጥራቸው ከ6,000 አልፏል። ክፍያ የለውም፤ ተመዝገቡም አይልም።

እኔን የሚያጓጉኝ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ትናንሽና ቀዝቃዛ ኮከቦችን የሚዞሩ ግዙፍ ፕላኔቶች። መኖራቸው ራሱ ሒሳብ ያፋልሳል። ፕላኔት የሚሠራው አዲስ የተወለደችን ኮከብ ከከበበው የጋዝና የአቧራ ዝርግ ነው፤ ኮከቧ ትንሽ ከሆነች ዝርጉም ድሃ ነው። ጁፒተርን ለሚያህል አካል የሚበቃ ጥሬ ዕቃ ታዲያ ከየት መጣ?

«ፕላኔታሪ ሲስተምስ» የሚለውን ሰንጠረዥ ክፈቱ። በኮከቡ መጠነ ቁስ ዓምድ ሥር ከ0.25 ፀሐይ በታች፣ በፕላኔቱ ሬድየስ ሥር ከ8 ምድር በላይ ብላችሁ አጣሩ። ሺህ በሺህ የነበረው ረድፍ ይተንና ቲኦአይ-6894 ቢ ብቅ ይላል። ኮከቧ የፀሐይን አንድ አምስተኛ ብቻ ትመዝናለች፤ ፕላኔቱ ግን በስፋት ከሳተርን ጥቂት ይበልጣል፤ በመጠነ ቁስ ግማሹን ያህላል። በካልኩሌተር ስመታው ሬድየሱ የኮከቧን ሲሶ ያልፋል፤ በፊቷ ሲያልፍ ከብርሃኗ ወደ 15 በመቶ ይጋርዳል ማለት ነው። ጁፒተር ከፀሐይ የሚጋርደው 1 በመቶ ገደማ ነው!

ግን ተጠንቀቁ፤ በሬድየስ ስታጣሩ ጂጄ 3512 ቢ ሾልኮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ይህ ፕላኔት በስፔኑ የካላር አልቶ የከዋክብት መመልከቻ የተገኘው ኮከቧን ሲያወዛውዝ ታይቶ ነው። ሬድየሱ ስላልተለካ ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ባዶ ሣጥን ደግሞ ማጣሪያውን አያልፍም። የሚያስቆጨውም የእሱ መቅረት ነው፤ ኮከቧ የፀሐይ 12 በመቶ ሆና ሳለ እሱ ቢያንስ የጁፒተርን ግማሽ ሊያህል ምንም አልቀረው። አግኚዎቹ ዝርጉ በራሱ ስበት ተሰባብሮ በቀጥታ እንዲህ ያለ ፕላኔት ሊወጣው እንደሚችል አስረድተዋል። ስለዚህ የሬድየሱን ማጣሪያ አንሥታችሁ በፕላኔቱ መጠነ ቁስም አጣሩ።

ሌላው፣ «ኮምፖዚት» የሚባለው ሰንጠረዥ፣ ባዶውን ሣጥን ይሞላል፤ ከተለያዩ ጥናቶች ቁጥር ይሰበስባል፣ ያልተለካውን ሬድየስ ይገምታል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ላይጣጣሙ እንደሚችሉም በግልጽ ይናገራል። ለግራፍ ይበቃል፤ እኔ ግን አልፈርምበትም። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ ከአንድ ጥናት የመጣና ምንጩ አብሮት ያለ ነው።

ስሞቹ ግን ደረቅ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 «አቦል» ብላ የሰየመችው ፕላኔት እዚህ ኤችዲ 16175 ቢ ነው። ኮከቡ «ቡና» ከፀሐይ ስለሚገዝፍ ከዛሬው ጉዳይ ውጭ ነው፤ ቢሆንም ፈልጌ አይቼዋለሁ።

ሰንጠረዡ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በስልክ አትድከሙ። በኮምፒውተር ሲኤስቪ በሚባለው የሰንጠረዥ ፋይል ዓይነት አውርዳችሁ በኤክሴል ክፈቱት።