ክላውድሊፍተር፣ ፌትሄድ፣ ዳይናማይት ወይስ ክላርክ ቴክኒክ? ድምፁ ለሚያንስ ማይክ ቡስተር ልትገዙ ላሰባችሁ

ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ባሁኑ ሰዓት የቤት ስቱዲዮ የሌለበት ሰፈር ጠፍቷል፣ መንዙማ የሚቀዳው አለ፣ መዝሙር የሚቀዳው አለ፣ ማታ ማታ ለዩቲዩብ ትረካ የሚያነበው አለ፣ እና ሁሉም ትንሽ ብር ሲይዝ የሚመኘው ያንን ትልቁን ጥቁር የፖድካስት ማይክ ነው፣ ሹር ኤስኤም7ቢን። ውጭ ያለ ዘመድ ለምኖ ያስመጣዋል፣ ርካሽ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ይሰካዋል፣ ጌይኑን (የማይክ ማጉያውን) እስከ ጥግ ያዞረዋል፣ ድምፁ ግን አሁንም ትንሽ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ሽሽሽ የሚል አለ። ከዛ አንዱ "ቡስተር ግዛበት" ይለዋል። ማይኩና ኢንተርፌሱ መሀል ገብቶ ድምፁን የሚያነሳ ትንሽ እቃ ማለት ነው። እሺ ይግዛ፣ ግን የቱን? መግዛትስ አለበት ወይ? እኔ የሚጠይቀኝን ሰው ግማሹን አትግዛ ነው የምለው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። ኤስኤም7ቢ ሴንሲቲቪቲው (ለእኩል ድምፅ የሚያወጣው የሲግናል መጠን፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይበልጣል) −59 ዲቢ፣ ማለትም ዲሲቤል፣ ነው፣ ሁላችንም የምናውቀው ኤስኤም58 −54.5 ነው፣ እንደ ሮድ ኤንቲ1-ኤ ያለ ኮንደንሰር (በ48 ቮልት የሚሰራ የማይክ አይነት) ደግሞ −32 አካባቢ። በኤስኤም7ቢና በኮንደንሰሩ መሀል ያለው ልዩነት ወደ 27 ዲቢ ነው፣ ቡስተር የሚባሉት እቃዎች የሚጨምሩትም እንዳጋጣሚ እዛው አካባቢ ነው፣ ከ25 እስከ 28። ማለትም ስራው ይሄው ነው፣ ዳይናሚክ ማይክን (እንደ ኤስኤም7ቢና ኤስኤም58 ያለ 48 ቮልት የማይፈልገውን) ኮንደንሰር በሚያወጣው መጠን እንዲያወጣ ያደርገዋል። ውስጡ ፌት የሚባሉ ትራንዚስተሮች አሉ፣ የራሳቸው ኖይዝ በጣም ትንሽ ነው፣ ኢንተርፌሱ በማይክ ኬብሉ በኩል ከሚልከው 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ይሰራሉ፣ ባትሪ የለ ቻርጀር የለ። ርካሽ ኢንተርፌስ ጌይኑ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ነው ሽሽ ማለት የሚጀምረው፣ ስለዚህ ቡስተሩ ከፊት ሆኖ ካነሳለት ኢንተርፌሱን ግማሽ ላይ ታስቀምጡትና ትገላገላላችሁ።

ግን የምትሰሙት ኖይዝ ከኢንተርፌሱ ነው ወይስ ከክፍሉ? ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቼክ ማድረጊያው ቀላል ነው፣ ለቀረፃ የምትጠቀሙበት ጌይን ላይ እንዳለ ማይኩን በወፍራም ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ጠቅልሉትና ቁምሳጥን ውስጥ ዝጉበት፣ ሄድፎን አድርጋችሁ ስሙ። ሽሽታው እንዳለ ከቀጠለ ችግሩ ኤሌክትሮኒክሱ ነው፣ ቡስተር ይጠቅማችኋል። ጭጭ ካለ ግን ስትሰሙት የነበረው ፍሪጁ፣ ባጃጁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው፣ ቡስተር ደግሞ እናንተንም ባጃጁንም እኩል ነው የሚያነሳው፣ መርጦ አያነሳም። የደሴን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ የ150 ዶላር እቃም የ30ውም አንድ ነው፣ ለሱ መጋረጃና ኮርኒስ እንጂ ቡስተር መድሀኒቱ አይደለም። እምምም የሚለው የመብራት ድምፅም ብዙውን ጊዜ በቡስተር አይሄድም፣ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ ሞክሩት፣ ብዙ ጊዜ እዛው ያልቃል።

ሌላው በነፃ የሚገኘው ደግሞ መጠጋት ነው። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሱ ወደ 6 ዲቢ ታገኛላችሁ፣ ከ20 ሳንቲም ወደ 5 ሳንቲም ከመጣችሁ 12 ዲቢ በነፃ፣ የቡስተሩ ግማሽ ማለት ነው። ቤዙ ይበዛል፣ አዎ፣ ኤስኤም7ቢ ግን ጀርባው ላይ ቤዝ መቀነሻ ስዊች አለው፣ ሰው ለምን እንደማይነካው አይገባኝም።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከጎደለ እንግዲህ ወደ እቃው እንምጣ።

ክላውድሊፍተር ሲኤል 1 ስሙ የገነነው እሱ ነው፣ አሜሪካ የሚሰራ ሰማያዊ የብረት ሳጥን፣ እስከ 25 ዲቢ ይጨምራል። ጠንካራ ነው፣ ቢወድቅም ቢረገጥም ግድ የለውም፣ ስቱዲዮ ወለል ላይ ተቀምጦ ለዘመናት የሚኖር አይነት። ጉዳዩ ዋጋው ነው፣ ከአራቱ ውዱ እሱ ነው፣ ውጭ ራሱ 150 ዶላር አካባቢና ከዛ በላይ፣ ደግሞ ሳጥን ስለሆነ ሁለተኛ ኬብል ይፈልጋል፣ ከማይኩ ወደሱ አንድ፣ ከሱ ወደ ኢንተርፌሱ አንድ። ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ እቃው መጥቶ ኬብል ፍለጋ ፒያሳን ስትዞሩ ነው የሚገባችሁ።

ፌትሄድ የሆላንዶቹ የትራይተን ኦዲዮ ስራ ነው፣ 27 ዲቢ፣ ቀጭን ቱቦ ነገር ሆኖ ማይኩ ቂጥ ላይ ቀጥታ ይሰካል፣ ተጨማሪ ኬብል አይፈልግም፣ ዋጋውም ከክላውድሊፍተር በደህና ይቀንሳል። ለኔ ብር እያለው ግራ ለገባው ሰው የምጠቁመው ይሄን ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን፣ ፌትሄድ ፋንተም የሚባል ሌላ አይነት አለ፣ እሱ 48 ቮልቱን ወደ ማይኩ የሚያሳልፍ ለኮንደንሰር የተሰራ ነው፣ መልኩም ስሙም ስለሚመሳሰል ስታዝዙ አጣሩ፣ ለዳይናሚክና ለሪበን (ሌላ ድምፁ የሚያንስ የማይክ አይነት) ተራው ፌትሄድ ነው የሚሆነው።

ዲኤም1 ዳይናማይት የኤስኢ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ቀይ ቱቦ፣ 28 ዲቢ። ከፌትሄድ ጋር በጆሮ ለይቼ እነግራችኋለሁ የሚል ካለ ዓይኑን አስሮ ይሞክረው፣ የ1 ዲቢ ልዩነት በጆሮ ለመለየት ይከብዳል። ከሁለቱ በርካሽ ያገኛችሁትን ወይም የሚመጣው ሰው ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን ውሰዱ፣ በቃ።

ክላርክ ቴክኒክ ሲቲ 1 ከአራቱ ርካሹ ነው፣ 25 ዲቢ፣ እሷም ቀጥታ የምትሰካ ትንሽ ነገር ናት። ፎረሙ ሁሉ "ርካሽ ስለሆነ" ብሎ ይንቃታል፣ ግን ለድምፅ ትረካ ከክላውድሊፍተር ጎን አስቀምጣችሁ ብትሰሙ ወላሂ ልዩነቱን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ገና የምትጀምሩ ከሆነ በሷ ጀምሩ፣ በተረፈው ብር ጥሩ ኬብልና የማይክ ስታንድ ግዙ።

ቱቦ የሆኑትን ሶስቱን ስትሰኩ በተቻለ መጠን ማይኩ በኩል ይሁን፣ ኢንተርፌሱ በኩል አይሁን። ኢንተርፌሱ ላይ ከሰካችሁት ከነኬብሉ እንደ ዱላ ወደፊት ይወጣና ክርናችሁ በነካው ቁጥር ሶኬቱን ያላላዋል፣ ደግሞ ከፍ ያለ ሲግናል ረጅም ኬብል ውስጥ ቢሄድ ይሻላል፣ መንገድ ላይ የሚለቅመው ኖይዝ በአንፃሩ ትንሽ ይሆናል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ምን ነው የምትቀዱት? ለስለስ ባለ ድምፅ ታሪክ የምታነብ ልጅ፣ ወይ በአምባሰል ቅኝት ቀስ እያለ የሚሄድ መሰንቆ በዳይናሚክ ማይክ የምትቀዱ ከሆነ ቡስተሩ ገንዘቡን ያወጣል። መንዙማ ከሆነ ግን ቆይ። ሸህዬው ድምፃቸውን ለቀው ድቤው ሲመታ ተቀባዩም ሲቀበል ያ ድምፅ ለየትኛውም ማይክ ይበቃል፣ በዛ ላይ 25 ዲቢ ስትጨምሩበት ጌይኑ ዜሮ ላይ ሆኖ እንኳን ኢንተርፌሱ ቀይ ሊያበራ ይችላል፣ አንዴ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኋላ በኤዲቲንግ አይጠገንም። ለመንዙማ ኤስኤም58ም ሆነ ኤስኤም57 እንዲሁ ባዶውን ይበቃል፣ ብሩን ሁለተኛ ማይክ ግዙበት፣ አንዱን ለድቤው።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለው እቃ እሺ ይለዋል ወይ? ያ ሁሉ ሱቅ ያለው ቪ8 ሳውንድ ካርድ በቀጭን ጃክ ነው ማይክ የሚቀበለው፣ 48 ቮልት የለውም፣ ቡስተር እሱ ላይ አይሰራም፣ ነጥብ። ኢንተርፌሳችሁ ወይ ሚክሰራችሁ 48 ቮልት የሚል ማብሪያ ሊኖረው ግድ ነው፣ ኬብሉም በሁለቱም ጫፍ ሶስት እግር ያለው ኤክስኤልአር መሆን አለበት፣ ከሰርግ ማይኮች ጋር የሚመጣው አንዱ ጫፉ ወፍራም ጃክ የሆነው ኬብል ፋንተሙን አያሳልፍም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክ ላይም አይሆንም። በነዚህ አራት ቡስተሮች በኩል ኮንደንሰር አትሰኩ፣ 48 ቮልቱን ራሳቸው ስለሚበሉት ለማይኩ አይደርሰውም፣ ጭጭ ይላል። አንዱ ጥሩ ነገር መብራት ሲጠፋ ነው፣ ከላፕቶፕ በዩኤስቢ የሚሰራ ኢንተርፌስ ፋንተሙንም ከዛው ስለሚሰጥ ባትሪው እስካለ ትቀዳላችሁ፣ ፍሪጁም ስለጠፋ እንዲያውም ያኔ ይሻላል።

ማይኩን ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ሌላ መንገድ አለ። ሹር በ2023 ያወጣው ኤስኤም7ዲቢ ቡስተሩ ውስጡ ነው፣ ከኋላው 18 ወይ 28 ዲቢ ትመርጣላችሁ፣ ብትፈልጉ ታጠፉታላችሁ፣ እሱም ግን 48 ቮልት ይፈልጋል። ከኤስኤም7ቢና ክላውድሊፍተር ድምር ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ኬብልም ያተርፋል። ኢንተርፌስ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ደግሞ ቡስተሩን እርሱት። ሹር ለኤስኤም7ቢ ቢያንስ 60 ዲቢ ጌይን ያስፈልጋል ይላል፣ አራተኛው ትውልድ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 69 ዲቢ አለው፣ ታናሽየው ሶሎ ግን 57 ነው፣ ስሙ አንድ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ ማይኩንም ኢንተርፌሱንም ላፕቶፑንም ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ያለ ቡስተር አንድ ደቂቃ ቅዱ፣ ከዛ ቮልዩሙን ዝቅ፣ ፋንተሙን አጥፉ፣ ቡስተሩን ሰኩ፣ ፋንተሙን አብሩ፣ ጌይኑን ድምፁ ከበፊቱ እኩል እስኪሆን ቀንሱና እንደገና ቅዱ። እኩል ካላደረጋችሁት የጮኸው ሁሉ የተሻለ ይመስላችኋል፣ ሻጭም የሚያሸንፋችሁ በዛ ነው። ሁለቱን ዝምታ ያለበት ቦታ ላይ በሄድፎን አወዳድሩ፣ ልዩነት ካልሰማችሁ "ሌላ ቀን" ብላችሁ ውጡ።