አየር በቱቦ የሚቀበል የሳንድብላስት ሄልሜት፦ በጎንደር የዘጠኝ ወር ልምድ

ይህን የምጽፈው በጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው አነስተኛ ብረት ማቅለጫችን ካለፈው ጥቅምት እስከዚህ ሐምሌ ድረስ ስለተጠቀምንበት፣ ንጹሕ አየር በቱቦ ስለሚቀበለው የሳንድብላስት ሄልሜት ነው። የምናመርተው በአብዛኛው ከጊዛ (ቀልጦ በፎርማ ከሚፈሰስ ብረት) የሚሠራ የወፍጮ ፑሌጃ (ቀበቶ የሚዞርበት ጎማ) እና የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ሲሆን፣ ዕቃው ከፎርማው ሲወጣ ላዩ ላይ የተጋገረውን አሸዋና የተቃጠለ ቅርፊት የምናስለቅቀው በሳንድብላስት፣ ማለትም አሸዋ ወይም የብረት ጠጠር በአየር ግፊት እየረጨን፣ ነው። ሄልሜቱን ከነማጣሪያውና ከነቱቦው ከአዲስ አበባ ሳስመጣ ወጪው የአንድ ሠራተኛ የስድስት ወር ደመወዝ ያህል ስለነበር፣ ገንዘቡን ያወጣሁት ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነው። በአሠራራቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሄልሜቶች በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጡ ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ስሙ አልጽፍም።

ከዚያ በፊት ልጆቹ፣ ማለትም ሠራተኞቼ፣ አፍና አፍንጫቸውን በሻርፕ ጠምጥመው፣ ዓይናቸውን በመነጽር ከልለው ይሠሩ ነበር። ማታ ከሥራ ሲወጡ «አቧራውን ይጠርጋል» ተብሎ ወተት ይጠጣሉ፤ እኔም ሥራውን በተማርኩበት ዘመን እንዲሁ ጠጥቻለሁ። ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ብናኙ የተቀመጠው ሳንባ ውስጥ ነው። በዓቢይ ጾም ደግሞ ይኸው ወተት እንኳ ይቀራል። ጎጂው ብናኝ ፊትን የሚያነጣው፣ ዓይን የሚያየው አይደለም። ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆነው፣ በተለይም ከ4 ማይክሮን ገደማ የማይበልጠው የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ብናኝ በሻርፕ ክር መካከል እንደ ልቡ አልፎ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ድረስ ይገባል፤ እዚያም ጠባሳ ይፈጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የተጎዳውን ሳንባ መልሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድልንም ይጨምራል። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው ለዓመታት በሳል ሲሰቃይ፣ ሁለት ጊዜ የነቀርሳ መድኃኒት ወስዶ ሳይሻለው፣ በመጨረሻ ደረጃ ሲወጣ እየቆመ የሚተነፍስ ሆኖ አይቼዋለሁ። ከማመንታቴ ያወጣኝ የእሱ ትንፋሽ ነው።

ሄልሜቱን ከመግዛቴ ከጥቂት ወራት በፊት ከወንዝ የሚመጣውን አሸዋ ትተን በብረት ጠጠር፣ ነጋዴዎች ስቲል ግሪት በሚሉት፣ መሥራት ጀምረን ነበር። እንግሊዝ በቀለጠ ብረት ሥራ ላይ ሲሊካ ባለው አሸዋ ሳንድብላስት ማድረግን በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ከልክላለች፤ በአሜሪካም የሙያ ደኅንነት ምርምር ተቋሙ በ1974 እ.ኤ.አ. እንዲከለከል መክሯል። ስለዚህ አሸዋውን ከተውን ዘንድ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ በዚህ ግን ተሳስቼ ነበር። የኛ ዕቃ የሚፈሰሰው በአሸዋ ፎርማ ውስጥ ነው። የብረት ጠጠሩ ሲሊካ ባይኖረውም፣ ፑሌጃው ላይ የተጋገረውን አሸዋ በኃይል ሲመታው ያደቅቀዋል፤ የደቀቀውም አሸዋ ያው ሲሊካ ነው። የበር ፍሬም ወይም የመኪና አካል ሳንድብላስት የሚያደርግ ሰው መፋቂያውን (የሚረጨውን አሸዋ ወይም ጠጠር) በመለወጥ ብዙ ይድናል፤ ቀልጦ የተፈሰሰ ዕቃ የሚያጸዳ ሰው ግን መፋቂያውን ለውጦም አደጋው ከፊቱ አይሄድለትም። በአሜሪካ የተፈቀደው የሲሊካ ብናኝ መጠን በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። ይህም በቀን አሥር ሜትር ኩብ አየር ለሚተነፍስ ሰው ግማሽ ሚሊግራም ማለት ነው፤ በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው እጅግ ያነሰ።

ወደ ሄልሜቱ ልምጣ። ጠንካራ የራስ ቅርፊት፣ ከፊት ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት፣ እስከ ወገብ የሚወርድ ካባ፣ አንገት ላይ የሚጠብቅ ላስቲክ ያለው የውስጥ ኮሌታ፣ ከኋላም አየር የሚያስገባ ቱቦ አለው። ቱቦው ወገብ ላይ ካለ የአየር መቆጣጠሪያ ጋር ይገናኛል። አየሩ ከላይ ገብቶ ፊት ላይ እየወረደ በአንገት በኩል ስለሚወጣ፣ ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚገፋው ይኸው ወደ ውጭ የሚነፍሰው አየር ነው። በመጀመሪያው ቀን ታላቁ ሠራተኛዬ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ሲወጣ የውስጡን ኮሌታ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ጨርቁ ላብ እንጂ ብናኝ አልያዘም። የካባውን ውጭ በዚያው ጨርቅ ስነካው ጥላሸት መሰለ። ልጁም «ጋሼ፣ ዛሬ ምራቄ ነጭ ነው» አለኝ። ለዓመታት ጥቁር ሲተፋ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው አንድ ወረቀት ከሻጩ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። በአሜሪካ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ሄልሜት ሠሪው በፈተና ካረጋገጠለት የጥበቃ ደረጃው 1,000 ሆኖ፣ ማለትም ውጭ ካለው ብናኝ ወደ ውስጥ የሚገባው ከሺህ አንድ እጅ አይበልጥም ተብሎ፣ ይቆጠራል፤ ማረጋገጫው ከሌለ 25 ብቻ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ፈጽሞ አይለዩም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ርካሹ ሄልሜት ይህ ወረቀት ስላልነበረው ተውኩት።

ከሁሉ በላይ ያደከመኝና የዚህ ግምገማ ዋና ነገር አየሩ ነው። ሄልሜቱ ከሚቀበለው አየር የተሻለ ሊሆን አይችልም። ለዚህ ዓይነት ሄልሜት በደቂቃ ከ170 ሊትር ያላነሰ፣ ከ425 ሊትር ያልበለጠ አየር ያስፈልጋል። መጀመሪያ አየሩን የወሰድነው ሳንድብላስቱን ከሚነዳው የናፍጣ ኮምፕረሰር ነበር። ቀዳዳው ወደ 5 ሚሊሜትር የሚጠጋ ኖዝል (ጠጠሩ የሚረጭበት አፍ) በ7 ባር ግፊት በደቂቃ ከ1,200 ሊትር በላይ አየር ይበላል፤ ኖዝሉ እየሰፋ ሲሄድ ደግሞ ፍላጎቱ በፍጥነት ያድጋል፤ ቀዳዳው እጥፍ ቢሰፋ አየሩ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል አያወጣም፤ ሞተሩም ይደክማል። ይህን የተረዳሁት ልጁ ኖዝሉን በከፈተ ቁጥር በሄልሜቱ መስመር ላይ ያለው ጌጅ (የአየር መለኪያ) ወደ ታች ሲወርድ፣ በዘጋ ቁጥር ሲመለስ ቆሜ ካየሁ በኋላ ነው። ብናኙ በጣም በሚነሣበት ደቂቃ ሄልሜቱ የሚያገኘው አየር ይቀንስ ነበር ማለት ነው። በኅዳር መጨረሻ ለሄልሜቱ ብቻ ዘይት የማይጠቀም የኤሌክትሪክ የአየር ፓምፕ ገዛን፤ ከዚያ ወዲህ ጌጁ አልተንቀሳቀሰም። ለዚህ ፓምፕ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ሄልሜቱን አስቀድሞ ባይገዛ ይሻለዋል እስከማለት እደርሳለሁ፤ አየር በቅጡ የማያገኝ ሄልሜት ለባሹን ያዘናጋዋልና።

በመጋቢት የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የአየር ፓምፑም ቆመ። ሳንድብላስቱ ግን በናፍጣ ስለሚሠራ አልቆመም፤ ረዳቱ ፈጥኖ ቫልቩን ባይዘጋ ኖሮ ልጁ ያለ አየር ይቀጥል ነበር። ሥራው ስለቸኮለን ትንሿን ጄኔሬተር ከፓምፑ ጎን አስነሥተን ቀጠልን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማጣሪያው ላይ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ ለመተንፈሻ አየር ከሚፈቀደው 10 ፒፒኤም (በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል አሥር) አልፎ 30ን ሲሻገር በዓይኔ አየሁ። ውስጥ ያለው ልጅ በኖዝሉ ጩኸት ምክንያት ምንም አልሰማም። የኖዝሉን አየር ከውጭ ዘግተንበት ልጁ ሲወጣ «ራሴን ያመኝ ነበር፤ የሙቀቱ መስሎኝ ነው» አለ። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዘይትና እርጥበት የሚይዘው ተራ ማጣሪያም አያስቀረውም። በማግሥቱ የፓምፑን አየር መሳቢያ በቧንቧ ወደ ጣሪያው፣ ጭስ ወደማይደርስበት ጎን አወጣነው፤ ጄኔሬተሩን ወደ ግቢው ሌላ ጫፍ ወሰድነው፤ በሳንድብላስት ክፍሉ መስኮት ላይም ከማስጠንቀቂያው ጋር የሚበራ ቀይ አምፖል ሰቀልን። አሁን ሕጋችን መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል የሚል ነው። ማስጠንቀቂያው በዕቃው ዝርዝር ላይ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ተጽፎ ስለነበር ወጪ ልቀንስ ብዬ ልሰርዘው አስቤ እንደነበር ሳስታውስ ዛሬም ይዘገንነኛል።

የሄልሜቱን ጉድለቶች በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ ያሉት ግን በየዕለቱ የሚታዩ ናቸው። የውጩ መስታወት በጠጠሩ ስለሚደበዝዝ ላዩ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ላስቲክ በየሁለት ቀኑ እንቀይራለን፤ መለዋወጫው በጎንደር ስለማይገኝ አንድ ጊዜ ሲያልቅብን ከተራ ላስቲክ ቆርጠን ሞከርን፤ ወዲያው ጭጋግ መስሎ ልጁ ኖዝሉን ወደየት እንደያዘ ማየት ስላቃተው በዚያው አስቆምኩት። ካባው በአምስተኛው ወር ትከሻው ላይ ተተረተረ፤ በከተማችን ያለ ቆዳ ሰፊ ወፍራም ቆዳ ደርቦ ሰፋልንና እስካሁን ይዟል፤ ክብደቱ ግን ጨምሯል። በታኅሣሥ ማለዳ አየሩ አንገት ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚነፍስ ልጆቹ መቆጣጠሪያውን ሊዘጉት ይሞክራሉ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ቫልቩ ከተወሰነ በታች እንዳይዘጋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አንገታቸው ላይ ሻርፕ አድርገው እንዲሠሩ ተስማማን። በክረምት ደግሞ ማጣሪያው ውኃ ይሞላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ማንጠፍጠፍ ያስፈልጋል። ጩኸቱን ሄልሜቱ አያስቀረውም፤ የጆሮ መሰኪያ ከውስጥ የግድ ነው።

ያልጠበቅሁት ጥቅም የጺሙ ነገር ነው። በጥር ከልጆቹ አንዱ አባቱ ዐርፎበት በሐዘን ጺሙን አሳደገ። ፊት ላይ የሚጣበቅ ማስክ ጺም ባለው ሰው ፊት ላይ አይገጥምም፤ ብናኙም በዳር በዳር ይገባል። ሐዘንተኛን «ጺምህን ተላጭ» ማለት ደግሞ የሚቻል ነገር አይደለም። ይህ ሄልሜት ፊት ላይ መጣበቅ ስለማያስፈልገው ልጁ ሐዘኑንም ሥራውንም ሳያጓድል ሠርቷል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የውስጥ ኮሌታ እንዲኖረው ማድረጋችንም ጥሩ ሆኗል፤ አንዱ የተነፈሰበትን ሌላው ሳይታጠብ እንዲለብስ አልፈቅድም።

ሄልሜቱ የማይፈታው ነገርም አለ። ኖዝሉ ሲዘጋ ብናኙ አብሮ አይወርድም፤ ክፍሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፎ ይቆያል። ልጆቹ ግን እጃቸው ከቫልቩ እንደተነሣ ሄልሜቱን ለማውለቅ ይቸኩላሉ። አሁን ሄልሜት የሚወልቀው ከክፍሉ ወጥቶ፣ ካባው በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ነው። ልብስን በኮምፕረሰር አየር ማራገፍን ከልክያለሁ፤ መጥረግም ወለሉ ውኃ ከተረጨ በኋላ ብቻ ነው። የሥራ ልብስ ቤት አይሄድም፤ እናቶችና ሚስቶች ሲያራግፉት የሚተነፍሱት ያንኑ ነውና። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅንና መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል፤ የልብስ ማጠቢያ ውኃውንና ሳሙናውንም እኔ የማቀርበው ከዚሁ ግዴታ ቆጥሬው ነው።

ገና መላ ያላገኘሁለት ዕቃውን ከፎርማው እያወጣ በመዶሻ አሸዋውን የሚያራግፈው ረዳት ነው። እሱ ሄልሜት የለውም፤ ማጣሪያው የሚቀየር የግማሽ ፊት ማስክ ገዝቼለታለሁ፤ የዚያ ጥበቃ ደረጃ ግን 10 ብቻ ነው። ለጊዜው ዕቃው ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ ተረጭቶበት በሽቦ ብሩሽ እንዲፋቅ፣ ከዚያ በፀሐይ ደርቆ ወደ ሳንድብላስት እንዲገባ አድርገናል፤ ካልደረቀ የብረት ጠጠሩ ታንኩ ውስጥ ይጋገራልና። በዚህ መንገድ ሳንድብላስት ክፍሉ ውስጥ የሚደቅቀው አሸዋም ቀንሷል፤ የአንድ ፑሌጃ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ ወደ አሥራ ሦስት ወርዷል። በክረምቱ ግን ፀሐይ ስለማትገኝ ዕቃው ማቅለጫው ምድጃ አጠገብ እየተደረደረ ነው የሚደርቀው፤ ቦታውም ጠቦናል። ከመስከረም በኋላ ለረዳቱም ሁለተኛ ሄልሜት ከዚሁ ፓምፕ ጋር ማገናኘት ይቻል እንደሆነ የአየሩን መጠን በጌጅ ለክተን እንወስናለን።