ማይሉን ተዉትና ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ እዩ፦ የ2003 ማዝዳ ሚያታ ከወራት በኋላ

ሚያዝያ ላይ እዚህ ቨርጂኒያ ዝናቡ ቀን ከሌት ሲወርድ ሰነበተና፣ አንድ ጠዋት የሚያታዬን በር ስከፍት የረጠበ ምንጣፍ ሽታ ተቀበለኝ። ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ እጄን ሰድጄ ምንጣፉን ጫን ሳደርገው በጣቶቼ መሀል ውኃ ወጣ። ጣሪያ የሆናት ሸራ ገና አዲስ ነው። የበሩ ጎማ ደህና ነው። መስኮቱም እስከ ላይ ተዘግቷል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ውኃ በየት ገባ?

ስለዚህች መኪና ለመጻፍ ሳስብ የቆየሁት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ስለ ማርሿ፣ ስለ መሪዋ፣ ሸራውን አጥፎ መንዳት ስለሚሰጠው ደስታ። እሱንም እጽፋለሁ። ግን ያገለገለ ሚያታ ለመግዛት የሚዞር ሰው ከምንም በፊት ማወቅ ያለበት ነገር እዚያ ምንጣፍ ሥር ነው ያለው፤ ሻጮችም ስለሱ ትንፍሽ አይሉም።

ለማያውቃት ሰው ባጭሩ፦ ሚያታ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሸራዋ በእጅ የሚታጠፍ፣ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ የሚገፋት ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። ለሕዝብ የታየችው በ1989 በቺካጎው የመኪና ትርዒት ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ክፍት መኪና ሥሩ ብሎ ማዝዳዎችን የወተወታቸው ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ነበር። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ከፋብሪካ ወጣች፤ በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና በመሆኗም ጊነስ መዝግቧታል። የኔዋ ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው ናት። 1.8 ሊትር ሞተር፣ 142 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት ማርሽ፣ ክብደቷ ከ1,100 ኪሎ በታች።

ስገዛ ብዙ ዞሬያለሁ። አንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ ያገኘሁት ያገሬ ልጅ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ወጣት፣ አንዷን ቀይ ሚያታ እያሳየኝ «ጋሼ፣ 48 ሺህ ማይል ብቻ! የአንዲት ሴትዮ ነበረች፣ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የምትነዳት» አለኝ። ቀለሟ ያበራል፤ ወንበሯ አዲስ ይመስላል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ እያለሁ ጋራዥ ሠርቼ፣ ሶማሌ ተራ ዕቃ ፈልጌ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከኪሴ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣሁና ከበሩ ሥር፣ ከኋላው ጎማ ትንሽ ቀደም ብሎ ባለው ላሜራ ላይ አስጠጋኋት። አልያዘችም። ጥቂት ወደ ፊት ሳንቀሳቅሳት ያዘች፤ ስመልሳት ለቀቀች። ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ላሜራው በዝገት ተበልቶ አልቋል፤ በላዩ ስቱኮ ለጥፈው ቀብተውታል። «ቀለሟ የፋብሪካ ነው» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

የገዛኋት ከአንድ ጡረተኛ ነው፤ 131 ሺህ ማይል ሄዳለች፣ ከሰባት ሺህ ዶላር ትንሽ ባነሰ ዋጋ። ሰውዬው ዘይት የቀየረበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ አስቀምጧል። የታይሚንግ ቺንጊያው (የሞተሩ ክፍሎች ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲዞሩ የሚያደርገው ላስቲክ) እና የውኃ ፓምፑ በቅርቡ ተቀይረዋል። ማግኔቷም በግራም በቀኝም ጥርቅም ብላ ያዘች። ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ።

«131 ሺህ ማይል?» ያላለኝ ሰው የለም። እስቲ ማይል ማይል የምትሉ ሻጮች ስሙኝ። የዚህች መኪና ሞተር ብሎኩ ብረት ነው፤ ዘይቱና ቺንጊያው በጊዜው ከተቀየሩለት 131 ሺህ ማይል ምኑም አይደለም። በአንጻሩ ዛፍ ሥር ለዓመታት የቆመች መኪና ማይሏ አይጨምርም፤ ላሜራዋ ግን ይበላል። ቺንጊያው በ60 ሺህ ማይል ይቀየር ቢባልም ላስቲክ በመቆምም ያረጃል። ታዲያ 48 ሺህ የሚለው ቁጥር ለእኔ ምን ይነግረኛል? ብዙ መቆሟን እንጂ ጤንነቷን አይነግረኝም። ይሄን እያወቁ ዋጋዋን እጥፍ አድርገው የሚጠሩ ሰዎች በእውነት ያናድዱኛል።

ወደ ውኃው ልመለስ። መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ ጋራዥ ነበር። ሰውዬው ከውጭ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ሸራው ይቀየር» አለኝ፤ ከእጅ ጋር ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ። ሸራው እኮ አዲስ ነው አልኩት። «እንግዲህ ሌላ የሚያስገባ የለም» አለ። ወንበር እንኳ ወደፊት ገፍቶ አላየም። ቁልፌን ተቀብዬ ወደ ቤት ነዳኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸራው ላይ የወረደው ዝናብ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሸራው ከቦዲው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያለች አሸንዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በግራና በቀኝ፣ የወንበር ቀበቶው ከሚወጣበት በስተኋላ፣ አንዳንድ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው የሚነሳ ቱቦ በቦዲው ውስጥ አልፎ ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት ውኃውን መሬት ላይ ይጥለዋል። በኔዋ ትውልድ ቀዳዳው አፍ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ማጣሪያ ተቀምጣለች። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ የሚያበላሸው የዛፍ ቆሻሻ ነው። የጥድ ቅጠል፣ አቧራ፣ ከሸራው የሚረግፍ ብናኝ ተጠራቅሞ ጭቃ ይሆንና ማጣሪያዋን ይደፍናል። ያኔ ውኃው ሞልቶ ግማሹ ምንጣፍ ላይ ይፈሳል። የባሰው ግን የማይታየው ግማሽ ነው፦ ከበሩ ሥር ወዳለው ዝግ ላሜራ ይወርድና እዚያው ይተኛል። ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሲጨመርበት ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት ባያችሁ ቀን ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

ያን ቅዳሜ ወንበሩን ወደፊት ገፋሁ፣ ሸራውን ግማሽ አነሳሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። ማጣሪያዋን በፒንሳ ይዤ ስጎትታት የመጣው ጥቁር ጭቃ ነው፤ በመሀሉ የጥድ ቅጠሎች ተሰክተውበታል። እሱን ከጠረግኩ በኋላ የሣር ማጨጃ ናይለን ገመድ ቆርጬ፣ ጫፉ ቱቦውን እንዳይቀድ በክብሪት አለስልሼ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ቀዳዳው አስገባሁት። ኮምፕሬሰር ላይ ያለ ሰው እጁን ይሰብስብ፤ በኃይል የተነፋ አየር ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊያላቅቀው ይችላል፤ ከተላቀቀ ደግሞ ውኃው በቀጥታ ቦዲው ውስጥ ነው የሚገባው። ገመዱ መጀመሪያ አልሄድ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ገፍቶ አለፈ።

ልጄ ከላይ በጆግ ውኃ ታፈሳለች፣ እኔ አስፋልቱ ላይ ተኝቼ ከኋላው ጎማ ፊት ያለውን ቦታ አያለሁ። «አባዬ፣ ወረደ?» «ገና ነው። ጨምሪ።» ጨመረች። መጀመሪያ ቡናማ ጠብታ፣ ቀጥሎ እንደ ቡና አተላ የወፈረ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ንጹሕ ውኃ አስፋልቱ ላይ ዘረገፈው። «ወረደ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ወጣ። የመኪና ሥራ እንዲህ ያስደሰተኝ መቼ እንደነበር አላስታውስም። ወጪ? አንድ ክንድ ናይለን ገመድ። ከአንድ ሺህ ዶላር ሸራ ጋር አስተያዩት።

ምንጣፉን አወጣሁት፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ሰነበተ። ከላሜራው ግርጌ ያሉትንም ቀጫጭን ማፍሰሻዎች በሽቦ ጠረግኳቸው፤ የወጣው ደረቅ አቧራ እንጂ የዝገት ቅርፊት አልነበረም። በውስጡ ፀረ ዝገት ሰም ነፋሁበት። ከዚያ ወዲህ የወረደው ዝናብ አንድ ጠብታ አላስገባም፤ ማዕበል የቀላቀለው የሐምሌ ዝናብ እንኳ።

አሁን ስለ ደስታው። ከፍሮንት ሮያል የሚነሳው ስካይላይን ድራይቭ በሸናንዶዋ ተራሮች ጫፍ ላይ 105 ማይል የሚሄድ መንገድ ነው። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ነው። በትልቅ መኪና በዚህ ፍጥነት መሄድ እንቅልፍ ያመጣል። በሚያታ ግን ሰውነቴ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ወደ መታጠፊያው ስቀርብ ፍሬን ነካ፣ ፍሪሲዮን፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ መሪውን ትንሽ፣ ከዚያ ነዳጅ። የማርሿ ዘንግ በኬብል አይደለም የምትሠራው፤ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ነው የተተከለችው፤ ስለዚህ ጥርሱ ሲገባ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። ርቀቱም አጭር ነው፤ ከአንጓዬ በላይ ክንዴ አይንቀሳቀስም። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ አውቶማቲክ ስነዳ ኖሬ፣ እጄና እግሬ ይሄን ያህል ተጠምተው እንደነበር አላወቅኩም ነበር።

«142 ፈረስ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ሻጭ አለ። የጎረቤቴ ቶዮታ ሲዬና፣ የቤተሰብ ቫኗ፣ 245 አላት፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ እግዜር ይባርካት። እኔ በሕጋዊ ፍጥነት፣ ማንንም ሳላስደነግጥ፣ ሞተሩን ከነሙሉ ድምፁ የምጠቀምበት መኪና ነው የፈለግኩት። ከባድ መኪና ላይ የተጫነ 400 ፈረስ እዚህ መንገድ ላይ የት ይለቀቃል? ቀላል መኪና የሚሰጠውን ነገር ጉልበት አይተካውም።

ለቅሶ ቤትም ማኅበርም ስሄድ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሁለት ሰው ብቻ?» አዎ፣ ሁለት ሰው ብቻ። ለቤተሰቡ ሌላ መኪና አለ። አንድ ታላቅ ወንድሜ የሚሆን ሰው «በዚህ ብር ኮሮላ ገዝተህ ኡበር ታሠራት ነበር» አለኝ። አከብረዋለሁ፤ እሱ በዚያ መንገድ ልጆች አስተምሯል። ግን ሰው ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ቤተሰቡን ሳያጎድል፣ ሰባት ሺህ ዶላር የማይሞላ ገንዘብ ለነፍሱ ደስታ ቢያወጣ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ዋጋዋ ዝቅተኛ ስለሆነ ካውንቲው በየዓመቱ የሚያስከፍለው የመኪና ግብርም ቀላል ነው።

ጉድለቷን ካላነሳሁ ውሸት ይሆናል። በ495 አውራ ጎዳና ላይ ሸራው ተዘግቶም ጫጫታው ከባድ ነው፤ ስልክ ማውራት አይታሰብም። ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ባትሪውንም እዚያው ስለሚይዝ የሳምንት አስቤዛ አይበቃውም። ዝቅ ስለምትል ትልልቅ ፒካፖች አያዩኝም፤ ለእኔ ይሄ ከሁሉም የሚያሳስበው ነው፤ አዲሶቹ መኪኖች ያላቸው የመንሸራተት መከላከያም የላትም። በረዶ ሲጥል አላወጣትም።

መግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ትውልድ መብራቱ ብቅ የሚለው ነው፤ ውብ ነው፣ የኋላ መስኮቱ ግን ፕላስቲክ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘም ዋጋው ወጥቷል። እኔ ከ2001 እስከ 2005 ያለውን እመርጣለሁ፦ መስኮቱ መስታወት ነው፣ ሞተሩም ከበፊቱ ጠንከር ይላል። ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። ወንበሮቹን ወደፊት ገፍታችሁ ምንጣፉን በእጃችሁ ጫኑት። ሻጩን ፈቃድ ጠይቁና በሁለቱም ቀዳዳ አንድ አንድ ጠርሙስ ውኃ አፍስሱ፤ ከኋላው ጎማ ፊት ካልወረደ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ በደንብ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ። ክሪክ ካለም ከፍ አድርጋችሁ የፊተኛውን ቻሲ ከሥር እዩት፤ በዚህ ትውልድ እሱም ይዝጋል። «አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላዋ ሂዱ፤ መኪናዋ ሞልታለች።

የኔን ትሸጣለህ ወይ ለምትሉኝ፣ አልሸጥም። ልጄ ፍሪሲዮን እየተማረችባት ነው፤ ከቆመችበት ዳገት ላይ ሳታጠፋት መነሳት ችላለች፣ የሚቀራት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መመለስ ነው።