ዲሽ ማሠራት ለምትፈልጉ ይህን ልጅ ልጠቁማችሁ

ጀሞ አካባቢ የሚሠራ አንድ የዲሽ ባለሙያ አለ። ወጣት ልጅ ነው። እናቴ ቤት የሠራውን ሥራ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ በቅርቡ ኮንዶሚኒየም ገባች። እህቴም ትልቅ ኤችዲ ቴሌቪዥን ገዛችላት። መጀመሪያ የመጣው ሰው ዲሹን ሰቅሎ፣ ቻናሎቹን አስገብቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው። ዜና ላይ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እናቴ መነጽር አድርጋም ማንበብ አቃታት። ትንሽ ደመና ሲመጣ ደግሞ ምስሉ ይቆራረጥና ጭራሽ "ሲግናል የለም" ብሎ ቁጭ ይላል። ደውለን ስንጠይቀው፣ ሪሲቨሩ አይረባም፣ ቀይሩት አለን።

ይሄኛውን ልጅ የጠቆመችን ጎረቤት ናት። እንደመጣ ስለ ገንዘብ ሳያወራ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገባ። "ማዘር፣ ዕቃው ምንም አልሆነም፣ ገመዱ ነው" አላት። ሪሲቨሩ ኤችዲ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘው ግን በቢጫ፣ በቀይና በነጩ ገመድ ነው። በዚያ ገመድ ደግሞ ኤችዲ ምስል አያልፍም። ከቦርሳው የኤችዲኤምአይ ገመድ አውጥቶ ሰካ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የምስሉን ጥራት 1080 ላይ አደረገው። እናቴ ከሶፋዋ ሳትነሳ ከሥር የሚያልፈውን ዜና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አዲስ ሪሲቨር ሊሸጥልን ይችል ነበር እኮ፣ እኛም ልንገዛ ተዘጋጅተን ነበር የጠበቅነው።

ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣን። የልጁን ሙያ በደንብ ያየሁት እዚያ ነው፣ ምክንያቱም እየሠራ ያስረዳል፣ ስትጠይቁት አይሰለችም። የአገራችን ቻናሎች በብዛት የሚገኙበት ኢትዮሳት በ2012 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፣ የሚተላለፈውም ኤንኤስኤስ 12 ከሚባለው ሳተላይት፣ ከ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የዓረብኛ ቻናሎች በብዛት ያሉበት ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የናይልሳት ዲሽ ወደ ፀሐይ መግቢያ ያያል። የኢትዮሳቱ ግን ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ብሎ፣ በጣም ቀና ይላል። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ሁለት ዲሽ አሰቅሎ በስዊች አንድ ሪሲቨር ላይ ማገናኘት ይችላል። እናቴ የአገር ውስጡ ስለሚበቃት አንዱ በቂ ነው አለን።

የመቆራረጡን ምክንያትም አገኘው። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ አይደል? ስትሬንግዝ (የሲግናሉ ኃይል) የሚለው ከፍ ማለቱ ብቻውን ብዙም አያስደስትም፣ ዲሹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ቁም ነገሩ ኳሊቲ (የሲግናሉ ጥራት) የሚለው ላይ ነው። የእኛ ኳሊቲ ምስል ለማሳየት ያህል ብቻ ነበር፣ ደመና ሲጨመርበት ያልቅለታል። ዲሹን በጣም በጥቂቱ ቀና አደረገው፣ ቀጥሎ ኤልኤንቢውን፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት ያለችውን ዓይን፣ በጣቱ ቀስ እያለ አዞረው። የያዛት እየጮኸች ሲግናል የምትለካ መሣሪያ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ፣ ሲግናሉ እየተሻለ ነው ማለት ነው። ብሎኑን ካጠበቀ በኋላ እንኳ ተመልሶ ለካ፣ ሲጠብቅ ትንሽ ሊንሸራተት ይችላል ብሎ። የገመዱን ጫፍ ሲፈታው ውስጡ ዝጎ ነበር። ቆርጦ አዲስ ማያያዣ ገጠመለት፣ ውኃ እንዳይገባም በደንብ ጠቀለለው፣ ከዚያ ገመዱን ትንሽ ወደ ታች አንጠልጥሎ አሰረው። ዝናቡ በገመዱ ተንሸራቶ ወደ ማያያዣው እንዳይመጣ ነው። ማንም የማያየውን ቦታ እንደዚህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ደስ ይለኛል።

ገና ለምትጀምሩ ደግሞ የነገረኝን ላካፍላችሁ። ኢትዮሳት ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ካርድም አይፈልግም። ዲሽ፣ ኤልኤንቢ፣ ገመድና ኤችዲ ሪሲቨር ካላችሁ አለቀ። ሪሲቨር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ዲቪቢ-ኤስ2 እና ኤምፔግ-4 የሚሉትን ፈልጉ (ኤችዲ ቻናሎችን መክፈት እንደሚችል የሚያሳዩ ናቸው)፣ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ። የድሮው ሪሲቨር ካላችሁ ኤችዲ ቻናሎቹን ላይከፍትላችሁ ይችላል፣ ያኔ መቀየሩ የግድ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ለትንሽ ጊዜ መጥፋቱ ግን ጥሩ በተሠራ ዲሽም ያጋጥማል፣ ሲያባራ ይመለሳል።

ሒሳቡ ላይም የተጠቀመበትን ብቻ ነው ያስከፈለን፣ የተረፈውን ገመድ ጠቅልሎ ለእናቴ ትቶላት ሄደ። በነጋታው ማታ ደውሎ "ማዘር፣ ዝናቡ ላይ እንዴት ሆነ?" ብሎ ጠየቃት። አልተቆረጠም። ወንድሜ፣ ከልብ እናመሰግናለን፣ እጅህን ይባርከው!

ስልኩን እዚህ መለጠፍ አልፈለግሁም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ፈቅዶልኛል፣ እልክላችኋለሁ። ጀሞ፣ ለቡ እና ቆሼ አካባቢ ላላችሁ ይመቻል። ክረምት ላይ ከሰዓት ዝናብ ስለሚበዛ ጣሪያ አይወጣም፣ ለጠዋት ቅጠሩት።